በሩ ላይ በጠመኔ የጻፍሁት

አባቴ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቴ ከገቡ ሳምንታቸው ነበር። ከጣና ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ለጉዳይ ወደ ከተማ እንደ ወጡ የደብሩ ጀልባ ሻፍት፣ መቅዘፊያውን የሚያዞረው የብረት ዘንግ፣ ተሰበረና እዚሁ ቀሩ። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ሻፍቱን የምቀርጸው ደግሞ እኔ ነኝ። ጠዋት ማታ፣ ወርክሾፑ ድረስ እየመጡ ሳይቀር፣ "ደረሰ ወይ?" ነው።

"አባ፣ በማርያም አይነዝንዙኝ!" አልኋቸው ያን ዕለት ጠዋት። አፌን በቆረጠው!

የምሠራበት ቶርኖ፣ ብረት መቅረጫው ማሽን፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ስምንት ቢላ በየቁጥሩ ይይዛል፤ የየቢላው ርዝመት በትክክል ካልገባለት ዕውር ነው፣ ሄዶ ብረቱ ላይ ይሰካል። ፈረቃ ስንለዋወጥ የቀየርነውን ቢላ በማሽኑ በር ላይ በጠመኔ እንጽፋለን። በሩ ላይ ከተጻፈ ርዝመቱም ገብቷል ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ያን ቀን አራተኛው ተሰበረብኝ። ረዘም ያለ አሰርሁበት፣ ለካሁ፣ በሩ ላይ ጻፍሁ፣ ለተረኛዋ ባልደረባዬ አስረክቤ ወጣሁ። ለሻፍቱ የሚሆነው ብረት ያ አንድ ብቻ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ስንት ተለምኖ የመጣ።

ቤት ስገባ አባቴ የሉም። እጄን ስታጠብ ጠመኔው ከጣቴ ወረደ። በሩ ላይስ ጽፌያለሁ። ማሽኑ ውስጥስ አስገብቻለሁ? ወይ ጉዴ! እንዳልደውልላት ሥራ ላይ ስልክ አትይዝም፤ እሱንም ያስለመድኋት እኔ። ምሳዬን ትቼ ባጃጅ ውስጥ ዘለልሁ።

"ወንድሜ፣ ንዳው እንጂ!"

"እና ልብረር እንዴ እህቴ?"

ፋሲሎ ሰፈርን እስክናልፍ አንዴ ተነሥቼ አንዴ ተቀመጥሁ። ወርክሾፑ በር ስደርስ የማሽኑ ድምፅ የለም። አለቀ፣ ሰብሮታል አልሁ። ሮጬ ገባሁ።

አባቴ ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸውን በማሽኑ በር ላይ አጋድመውታል። ባልደረባዬ እጇን አጣምራ ቆማለች።

"አላስነካ አሉኝ" አለች፣ በግኗል ፊቷ።

ማሽኑን ከፍቼ አየሁ። አራት ቁጥር ላይ የተቀመጠው የድሮው ርዝመት ነው። አስተካከልሁት።

"አባ፣ ረስቼው ነበር። እርስዎ ባይከለክሉ ብረቱ ጠፍቶ ነበር" አልኋቸው። እንባዬ መጣ።

"እኔ ምኑን አውቄው ልጄ?" አሉ መቋሚያቸውን እያነሡ። "አንቺ አትሳሳችም፣ እሷ እንዳታበላሽብሽ ብዬ ነው እንጂ።"