ዶሮውን ማን ይባርክ

ፋሲሎ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ አንድ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይኖራል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ይወዱት ነበር፤ መብራታቸው በጠፋ ቁጥር የሚደርስላቸው እሱ ነው። በዐቢይ ጾም መካከል ግን ንስሐ አባቱ ማን እንደሆኑ ጠየቁት።

«እኔ እንኳ ሃይማኖት የለኝም» አላቸው፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው ቀለል አድርጎ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወጥ ቤቱ ይቆለፍ ጀመር። «ፈጣሪን ያልፈራ እኔን ይፈራል?» አሉኝ እትዬ። «ከፋሲካ በኋላ ቤቴን ይልቀቅልኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ በዘዴ ንገሪው።»

እኔ ሰላምታ እንኳ አስቤ ተዘጋጅቼ የምሰጥ ሰው ነኝ። ዛሬ ነገ ስል ቅዳሜ ሹር ደረሰ።

በየዓመቱ ዶሮ የሚባርኩልን የጎረቤት አዛውንት ቆላ ድባ የሚኖር ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። በእትዬ ቤት ደግሞ ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም። ከጣና ዳር የመጣውን ቄጤማ ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ «ውጪና አንድ ክርስቲያን ወንድ ጥሪልኝ» አሉኝ።

በሩ ላይ ቆምሁ። መንገዱ በወንድ ተሞልቷል። የማላውቀውን ሰው «ዶሮ ባርክልኝ» ከማለት ጣና መግባት ይቀለኛል። ተመልሼ «ሰው የለም፣ እትዬ» አልሁ። ጾሙን አንድ ቀን ሳልገድፍ የጨረስሁት እኔ ነኝ እንግዲህ።

«በይ ያንን ጥሪው» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። «መቼም በልጅነቱ ተጠምቋል።»

መጣ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ቢላውን ተቀበለ። «እቆርጥልዎታለሁ፣ እትዬ። በስመ አብ ማለቱን ግን ይተዉልኝ።»

«ለምን? አፍህን ያቆስልሃል?»

«አላምንበትማ። ብል እርስዎን ማታለል ይሆንብኛል።»

«አንተ በል፤ እኔ አምንልሃለሁ።»

ወደ እሱ ጠጋ ብዬ «በልላቸው በቃ፣ ማን ያውቅብሃል?» አልሁት በሹክሹክታ። ትክ ብሎ አየኝ። ዶሮውም አየኝ።

«እንግዲያው በስመ አብ እርስዎ ይበሉ፤ እኔ ልቁረጥ» አለ።

እትዬ አሰቡ። ወደ ሰማይ ቀና አሉ፣ ወደ ሽንኩርቱ ዞር አሉ፤ ሽንኩርቱ መቁላላት ጀምሯል። በመጨረሻ የዶሮውን ክንፍ ረግጠው በስመ አብ ወወልድ አሉ፤ ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እሱም ቆረጠ።

በማግሥቱ ወጡን ሲያወጡ የአባወራ ድርሻ የሆነውን ፈረሰኛ ለብቻው በሳህን አድርገው ከደኑት።

«ያልሁሽን ነገርሽው?»

«አልነገርሁትም።»

«ተይው፣ ይቀመጥ። እኔ የፈራሁት ምንም የማይፈራ ሰው ነበር። ይሄ ግን ዶሮ ፊት መዋሸት እንኳ ይፈራል።» ሳህኑን አስያዙኝ። «ይህን ስጪውና፣ ማንን እንደሚፈራ ግን እግረ መንገድሽን ጠይቂልኝ።»

አንኳኳሁ። ሲከፍት ሳህኑን ሰጠሁት፣ «እንኳን አደረሰህ» አልሁና በፍጥነት ተመለስሁ።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ።

«ወጡ ጣፍጦታል» አልሁ። ገና ክዳኑን አልከፈተውም ነበር።