ዕብራይስጥና ስዋሂሊ በየኔታ ፊት

ዛሬ ጠዋት ወልድያ መናኸሪያ ቆሜ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጆንያ ሲያስወርድ ሰማሁት። «ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ» እያለ በስዋሂሊ ይቆጥራል። ከሞያሌ ወዲያ ሲሠራ የኖረ ሰው መሆን አለበት። ዙሪያዬን ናፍጣ ብቻ እየሸተተ እኔን ጦስኝ ሸተተኝ፤ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ፀሐይ ሲያገኘው የሚያውድ ጦስኝ። ወዲያው የጎረቤታችን ልጅና አባቷ በሐሳቤ መጡብኝ።

ላሊበላ ነው ያደግሁት። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ግጥም የለከፈኝ ሰሞን ነው። እንግዳ ከየአገሩ መጉረፍ ጀምሯል። ከእስራኤል የሚመጡትን የአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ እየጠበቅሁ ቃል እለምናቸው ነበር። ሌላው ልጅ እስክሪብቶ ይለምናል፣ እኔ ቃል። ቤትን ባይት፣ ልብን ሌቭ፣ ስምን ሼም ሲሉኝ ሰውነቴን ይነዝረኛል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በጸሎት መካከል በቃላችን የምንደግማቸው አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የነሱ ፊደሎች መሆናቸውን ያወቅሁ ለታማ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ስዋሂሊ ትሰበስባለች። አባቷ በደርግ ጊዜ ሸሽቶ ሞምባሳ ወደብ ላይ ሲሸከም ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። እሱ በስደት ሳለ እናቷ ሞታ ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ሲመለስ አባትና ልጅ አይተዋወቁም። በአማርኛ ካናገሩት ዝም ይላል። አማርኛ የሚያስከትለውን ጥያቄ ያውቀዋላ፤ ሚስትህ ስትቀበር የት ነበርህ? በስዋሂሊ ይህን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ እሷ ውሃ ቀድታ ስትመጣ እንስራውን ታሳየዋለች፣ «ማጂ» ይላል። ደረቷን በመዳፏ ትነካለች፣ «ሞዮ» ይላል፤ ልብ ማለቱ ነው። ከአባቷ ጋር ያላት ጨዋታ ይኸው ነው። ይህም ሊቋረጥባት ነው፤ ልደት አልፎ ተሳላሚው ሲበተን ወደ ሞምባሳ እመለሳለሁ ብሎ ለአክስቷ ነግሯታል። ልጅቷ ይህን የነገረችኝ ከብልባላ ገበያ ስንመለስ፣ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ነው።

እኔና እሷ ግን ስንገናኝ ሥራችን ጭቅጭቅ ነበር፤ ለእኛ የሚቀርበው የቱ ቋንቋ ነው እያልን። «አንተ እኮ ግእዝ ቢያዛጋ ዕብራይስጥ ነው ትላለህ» ትለኛለች። ያንቺ መርከብ ላይ የተለቃቀመ ነው እላታለሁ። አባቷን እየነካሁባት እንደሆነ አይገባኝም። አንድ ቀን ብሽቅ አለችና «የኔታ ይፍረዱን፤ እኔ ግን ምስክር ይዤ ነው የምመጣ» አለችኝ።

የኔታ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚያስተምሩትም ከአሸተን ማርያም መንገድ በላይ ወይራ ሥር ተቀምጠው ነው። አባቷ ስንት ተለምኖ መጣ። በልጅነቱ የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ ግን ደጃቸውን አልረገጠም። ጉልበታቸውን ስሞ ዳር ቆመ።

እኔ ቀደምሁ። ማይም ከማይ፣ ኔፌሽ ከነፍስ፣ ሐሜሽ ከኀምስ እያልሁ በአንድ ትንፋሽ አወረድሁት። የኔታ ጢማቸውን ይዘው «እኅት ናት፣ እኅት ናት» አሉ። ከዚያ ተራው የአባቷ ሆነ። ቀስ ብሎ፣ ሰባት እዚያም ሳባ ነው አለ፣ ደምም ዳሙ፣ ከዐረብ የተዋሱት ነው አለ። ሰዓት የሚቆጥሩት ግን ልክ እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያም አንድ ነው። ሞምባሳ የገባሁ ሰሞን አሠሪዬ ነገ በአንድ ሰዓት ና አለኝ፣ ሳልሳሳት ደረስሁ፣ ያን ጊዜ ያላበድሁት በዚያች ነው አለ። እንዲህ ረዝሞ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም። እሷ አፍ አፉን ታያለች።

እኔም ያን ዕለት አንድ ነገር አስተዋልሁ። ዕብራይስጥ እንደኛው ከጉሮሮ ይነሣል፣ እንደኛው ሲጨርስ ይዘጋል። የስዋሂሊ ቃል ግን አፍን ከፍቶ ነው የሚያልቀው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሚወጣ ሰው።

የኔታ ፈረዱ። ዕብራይስጥ ዘመድ ነው፣ ስዋሂሊ ጎረቤት ነው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል አሉ። እሷ በክርኗ ጎሰመችኝ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ያኔም ሳልመርቅህ ነው የሄድህ።»

«በድያለሁ፣ የኔታ።»

«ደግሞ ልትሄድ ነው አሉ።»

«አዎን። ልደት ሲያልፍ።»

«የትምህርት ቤቱን ሥርዓት ታውቀዋለህ። ያወቀ ታናሹን ሳያስተምር አይሰናበትም። እነዚህ ሁለቱ ይህን ቋንቋ ጠንቅቀው እስኪያውቁ ከዚህ ንቅንቅ የለም። ያን ጊዜ መርቄ እሸኝሃለሁ።»

የመምህር ቃል ነውና አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ጀመርን፤ ጠዋት ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ። እኔ ቃል አያመልጠኝም፤ በሁለት ሳምንት ስንቱን ያዝሁት። እሷ ግን በየቀኑ እየባሰባት ሄደ። ትናንት ያወቀችውን ዛሬ ትስታለች። አሾፍሁባት፤ ምን ያደርጋል፣ የዚያን ጊዜ ዓይኔ ፊደል እንጂ ሰው አያይም ነበር። አንድ ጠዋት አባቷ «ነገ» በስዋሂሊ ምን ይባላል ብሎ ጠየቃት። እጇን በነጠላዋ ሥር ጨብጣ፣ ከንፈሯ ቃሉን ሊያወጣ ሲል ነክሳ ስትመልሰው አየሁ።

«ጠፋኝ፣ አባባ።»

ወደ እኔ ዞረ። ኬሾ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«እኔንም ጠፋኝ» አልሁት።

ሁለታችንን በተራ ተመለከተን። የገባው ይመስለኛል። «እናንተን ለማስተማር እንግዲህ ዕድሜዬም አይበቃ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

የኔታ ምን ደረሳችሁ ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁንም። ልደት መጣ፤ ተሳላሚው ተበተነ፤ አውቶቡሱም አባቷን ሳይዝ ጡሩምባውን እየነፋ ቁልቁል ወረደ። እኛ ግን ገና ሰላምታውን እንኳ አላወቅነውም ነበር።