ከፈፋው ማዶ የተመረጠው ክላርኔት

ልጅ እያለሁ በቤታችን ከሁሉ በላይ የሚታመነው የእኔ ጆሮ ነበር። አባቴ ወታደር ሳለ በክፍለ ጦሩ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፋ ነበር። ሙዚቀኛም ቢሆን ከመድፍ አልራቀምና አንዱ ጆሮው ጨርሶ ደንቁሮ፣ ሌላው ደግሞ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆኖ ወደ ሰቆጣ ተመለሰ። በር ሲንኳኳ የምነግረው እኔ፣ ገበያ ላይ ሻጩ ያለውን ተጠግቼ የምደግምለት እኔ ነበርኩ። እናቴ «የአባቷ ጆሮ» ትለኝ ነበር። እኩዮቼ አቧራ ላይ ተቀምጠው ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ እኔ ከአባቴ ጎን ቆሜ በዚህ ሹመቴ እኮራ ነበር።

ክላርኔቱን ግን ይዞ አልተመለሰም። ጦሩ ሲበተን የት እንደጣለው ተናግሮ አያውቅም። ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ከዘራውን ጭኑ ላይ ያጋድምና ጣቶቹን ያንቀሳቅስበታል፤ አንዳንዴ ከንፈሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጎረቤቶቻችን ጸሎት የሚያደርስ ይመስላቸው ነበር፤ እኔ ግን ዜማ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት ዞኑ የኪነት ቡድን ሊያቋቁም ነው ተባለ። ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ መቺ ሞልቷል፤ የጠፋው ክላርኔት ነፊ ነበር። ዕቃውን ይዞ የመጣ ይፈተናል፤ ካለፈ ደመወዝተኛ ይሆናል። ካላለፈ የአባቴ ዕጣ የታወቀ ነው፤ እንደ ሌላው የሰፈራችን ወንድ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ መውረድ። ባለፈው ዓመት ከወረዱት ጎረቤቶቻችን አንዱ በወባ ንዳድ ሆዱ ተነፍቶ ተመልሷል፣ ሌላው ጭራሹኑ አልተመለሰም። እናቴ ይህን ስታስብ አደረችና ጠዋት ተነስታ ያለችንን አንዲት ጊደር ወደ ገበያ ነዳቻት።

አቶ ግደይ የሚባሉ የኮረም ነጋዴ ከፈረሱ ባንዶች የተራረፉ ሁለት ክላርኔቶች ይዘው መጡ። አንደኛው የእንጨት ነው፤ አርጅቷል፣ ሁለት ቁልፎቹ በክር ታስረዋል። ሌላኛው ጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ነው። በጊደሯ ዋጋ ከሁለቱ አንዱን መውሰድ ይቻላል፤ ከዚያ የተሻለ እንኳን ለመግዛት ለማየትም አቅሙ አልነበረንም። አባቴ ሁለቱንም በየተራ ነፋና ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«እኔ እንደሁ ጥርሴ ላይ ሲነዝረኝ ነው የማውቀው። ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ።

ይሄን ጊዜ የእናቴ አባት፣ አያቴ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን አንስተው ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ፈፋ አሳዩኝ። «ደወልና ከበሮ ቀርበው ሲሰሙት ያታልላል። ማዶ ትሻገርና ትስማው» አሉ። በደብራቸው ከበሮ አዲስ ቆዳ ሲለብስ አንድ ዲያቆን ፈፋውን ይሻገርና ድምፁ ሳይሰበር የደረሰውን ይመርጣል። ከበሮውም ደወሉም የተመረጠው እንዲህ ነው። ክላርኔት ግን ከበሮ አይደለም ብሎ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። አባቴም አማቱን በጣም ያከብር ስለነበር ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ተሻገርኩ። ነፋሱ የጦስኝ ሽታ ይዞ ፊቴን ይገርፈኛል። መጀመሪያ አባቴ የእንጨቱን ነፋ። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነበር፤ ግማሹን ነፋስ ወሰደው፤ የደረሰኝ ግማሹ ግን ባለሁበት አቆመኝ። ምን እንደነካኝ ሳላውቅ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ፕላስቲኩን ነፋ። እሱ ፈፋውን ቀጥ ብሎ ተሻገረ፤ አጠገቤ ይግጡ የነበሩ ፍየሎች እንኳ ቀና አሉ።

የትኛው እንደሚያምር አውቄ ነበር። ይህን አልክድም። ነገር ግን የታዘዝኩት ሳይሰበር የሚሻገረውን እንድመርጥ ነው፤ ማዶ ደግሞ አባቴ፣ አያቴና ነጋዴው ተደርድረው እጄን ይጠብቃሉ። ልጅ ነኝ፤ መሪጌታ ተሳስተዋል እንዴት እላለሁ? እጄን ለሁለተኛው አነሳሁ። አያቴ «ይኸው!» ሲሉ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

ፈተናው ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ጠባብ አዳራሽ ውስጥ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር የተካሄደው። አባቴ የለበሰውን ኮት እናቴ ከጎረቤት ለምና ነው ያመጣችለት። መንፋት ሲጀምር የክራር ተጫዋቹ ፊቱን አጨማደደ። ፈፋውን የተሻገረው ያ ድምፅ በዚያች ክፍል ውስጥ ጆሮ ይበሳል። የቡድኑ ኃላፊ፣ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ሰው፣ «ጋሼ፣ ይበቃል፤ እናሳውቅዎታለን» አሉ። አባቴ አልሰማም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሄጄ እጅጌውን ሳብኩት።

ስንመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ክላርኔቱን ጭኑ ላይ አጋደመው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዕቃው ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

ጊደሯን አሰብኩ፤ እናቴን አሰብኩ። «ዕቃው ነው» ብል የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወደሚሰማው ጆሮው ተጠጋሁና «ዕቃውስ ደህና ነው፣ አባዬ» አልኩት።

ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። «እንግዲያማ እጄ ሞቷል» አለ። አልተቆጣም። የቤታችንን መንገድ ስንጨርስ ግን ከዘራውን እንደ ሽማግሌ ይመረኮዝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ክላርኔቱን ለአቶ ግደይ በቅናሽ መለሰና ከአጫጆቹ ጋር ሁመራ ወረደ። አጫጆቹ በኅዳር ሲመለሱ ለእናቴ ጋቢውን አመጡላት። ንዳድ ነው አሉ፤ እዚያው ቀብረውታል።

ብዙ ዓመት አለፈ። የሙዚቃ አስተማሪ ሆኜ አምደወርቅ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ሳለ እኚያ ባለ መነጽሩ የኪነት ቡድን ኃላፊ አጠገቤ ተቀመጡ፤ አርጅተዋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«የክላርኔቱ ሰው ልጅ? ኧረ ምን ዓይነት እጅ ነበር! ያ የማይረባ ዕቃ እንጂ እሳቸውማ... ሌላ ዕቃ እስኪመጣልን ብለን ነው እናሳውቅዎታለን ያልናቸው። መጥቶ ብንልክባቸው በረሃ ወርደዋል አሉን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የአባቴ ሙያ በኪነት ቡድኑ ሁሉ ሲወራ እኛ ቤት ሳይደርስ ቀርቷል። ሰውዬው «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «አሜን» አልኩ። መንገድ ዳር ምን እንዳልኩት ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም።

ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች መሣሪያ ሲመርጡ ፈፋ አይሻገሩም። ስልካቸውን ከፍተው አሥሩን ያዳምጣሉ፣ ያወዳድራሉ፣ አያት የተናገረውን ፊት ለፊት ይከራከራሉ። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ያስቀናኛል። ሲጫወቱልኝ የሰማሁትን እዚያው ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፤ ጥሩ ሲሆን ጥሩ፣ መጥፎ ሲሆን መጥፎ። ጨካኝ ናት ይሉኛል አሉ። ይበሉ።

ሁመራ የወረደ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ሞቱን ከእናቴ ጋር አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ያልወጣልኝ ሌላው ነው። አባቴ ጎበዝ እንደነበር ሳያውቅ ሞተ። ጠይቆኝ ነበር እኮ።