ጤፉን የረገጠው ትራክተር

አባቴ የኦቦ ገዲሳን ጤፍ በባለ ሰንሰለት ትራክተር ረግጦ አጥፍቷል፤ ይቅርታም አልጠየቀም። ይህ ተጽፎ ይቀመጥ።

ትናንት ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ኤክስካቫተር ሰንሰለቱን እያንኳኳ ሲያልፍ ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳብኝ።

አባቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ያንን አሮጌ ትራክተር የገዛው በአቃቂ ጭቃ የተያዙ ካሚዮኖችን እየጎተተ ለማውጣት ነው። በባቡር ተጭኖ ሲመጣ ሞተሩ አይነሳም ነበር። ከጣቢያው እስከ ግቢያችን የጎተቱት የጎረቤታችን የኦቦ ገዲሳ በሬዎች ናቸው።

“ሬሳውን አምጥቼልሃለሁ፤ ሲነሳ እንዳትረሳኝ” ብለው ሳቁ።

አባቴ ክረምቱን ሙሉ ሲፈታውና ሲገጥመው ከረመ። ልብሳችንም ምግባችንም ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር። ሞተሩ የተነሳ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሊያይ ወጣ። አባቴ ከግቢው እንደወጣ በመንገዱ መታጠፍ ሲገባው ቀጥ ብሎ የኦቦ ገዲሳ ማሳ ውስጥ ገባ። አረንጓዴው ጤፍ ከጥቁሩ አፈር ጋር ተቦካ። ሰዉ ያጨበጭባል፤ ኦቦ ገዲሳ እጃቸውን ዘርግተው “ዙር እንጂ አንተ ሰው፣ ዙር” ይላሉ።

ማታ ጠየቅኩት። “አባባ፣ መንገድ እያለልህ ለምን ጤፉ ውስጥ ገባህ?”

“የማሽን ነገር ላንቺ አይገባሽም፤ ዝም በይ።”

ዝም አላልኩም። አግብቼም፣ ወልጄም ጠየቅኩት። አርጅቶ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ አንድ ቀን መለሰልኝ።

“ወደ ግራ አልዞር አለኝ” አለ። “ያን ሁሉ ጊዜ ለፍቼ መሪውን እንዳላዳንኩት ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው። ማቆም ግን እችል ነበር።”