የልብስ ሰፊው ገመድ

ባለቤቴን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለው ነበር። ልብስ ሰፊ ነበር። ሱሪ ሲያሳጥር ደንበኛውን አቁሞ ይለካል፣ አስቀምጦ ይለካል፣ ከዚያ ጫማውን አስወልቆ እንደገና ይለካል። «ሚሊሜትር፣ የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የምትለካልኝ?» ይሉታል። እሱ ስፒል በከንፈሩ ስለያዘ አይመልስም።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ጸጉሩ ከነጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተውና እኔ አስገባለት ጀመር። ቆይቶ የአንድ ደንበኛ ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው አጠረ። ሰውየው ልብ እንኳ አላለውም። ባለቤቴ ግን በዚያው ሳምንት ሱቁን ዘጋ። ማሽኑን በጨርቅ ሸፍኖ መኝታ ቤት ጥግ አስቀመጠው፤ እሱም ሳሎን ጥግ ተቀመጠ። ትልቁን የጨርቅ መቀስ ብቻ ከነቆዳ አፎቱ ከቀበቶው ላይ አላወረደውም። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ማንኪያዎች ጎን ለጎን ያስተካክላል። ሲጨርስ እኔ አነሳቸዋለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መልሶ ያስተካክላል።

ታናሽ ወንድሜ መካኒክ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ ሲወጣ በር ላይ ያዝ አደረገኝና፣ «እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ወንበሩ ላይ በቅሎ ሊቀር ነው» አለኝ። ጋራዡ ጓሮ ውስጥ አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደ አሮጌ ሞተር ጀልባ ነበረው። ሞተሩን እሱ አደሰ፤ ቀለሙን ባለቤቴ ቀባ። ለሰፊ ብሩሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ምኑም አይደል።

እኔ ውሃ እፈራለሁ። ጀልባው ደግሞ ያለ ሁለት ሰው አይሆንም፤ አንዱ መሪ ሲይዝ አንዱ ገመድ መያዝ አለበት።

«አንድ ጊዜ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። «ካልወደድኩት ይሸጣል።»

«ብቻዬን ብሄድስ?»

«በዚያ እጅህ?»

«እሺ፣ ካልወደድሽው ይሸጣል» አለና ማንኪያ ማስተካከል ጀመረ።

ጀልባ የሚሄድበት ሰፊ የውሃ ቦይ አለን፤ ከተማውን የሚያቋርጠው ከጀርባው ነው። ስንት ዓመት የኖርኩበትን ከተማ ያን ዕለት ከኋላው አየሁት፤ የወጥ ቤት መስኮት፣ የተሰበረ ብስክሌት፣ በካልሲ ቆሞ ጥርሱን የሚፍቅ ሰው። ጀልባው ከእግረኛ አይፈጥንም። ከዳር የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ አብሮን ሄዶ መጨረሻ ላይ ቀደመን። ባለቤቴ መሪውን ይዞ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ነበር።

«ትሰሚያለሽ? ልክ የኔ ማሽን ነው። ወፍራም ጨርቅ ሲሰፋ እንደዚህ ነው የሚለው።»

የተሰጣ ልብስ ባለበት ባለፍን ቁጥር ፍርድ ይሰጣል። «ያን ኮት እይው፣ አንዱ እጅጌ የወንድሙ ነው።»

«ዝም በል፣ ይሰሙሃል።»

«ይስሙ። ያምጡትና አስተካክልላቸዋለሁ» አለ። ከዚያ እጁን አየና መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ሸምበቆ የበዛበት ቦታ ስንደርስ ሞተሩ ሲያጓራ ቆይቶ ጸጥ አለ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ አንሶላ ከኋላ በሚሽከረከረው መቅዘፊያ ላይ ተጠምጥሟል። ባለቤቴ በደረቱ ተኝቶ፣ እኔ እግሩን ይዤ፣ በመቀሱ እየቆረጠ በቁራጭ በቁራጭ አወጣው። የመጨረሻውን ቁራጭ ግን አልጣለውም። ገልብጦ ጠርዙን አየ።

«ቅምቅማቱ አይረባም» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ያን ጊዜ ዳክዬዎች ከነጫጩቶቻቸው በአጠገባችን ያልፉ ነበር። ዳቦ ጣልኩላቸው። እሱ በጎን ሰርቆ እንደሚያየኝ አውቄ ወዲያው ኮስተር አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የውሃው በር ጋ ደረስን። ቦዩ ከከፍታ ወደ ዝቅታ በሚወርድበት ቦታ፣ ፊትና ኋላው በትልልቅ በሮች የተዘጋ የግንብ ጉድጓድ አለ። ጀልባው ይገባል፤ የኋላው በር ይዘጋል፤ ውሃው ቀስ እያለ ሲለቀቅ ጀልባውም አብሮ ይወርዳል፤ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። የበሩ ጠባቂ ቀይ ሹራብ የለበሰች ወጣት ናት። ከላይ ሆና ጮኸች።

«ጋሼ፣ ገመዱን እንዳያስሩት! ግንቡ ላይ ባለው ቀለበት አሾልከው በእጅዎ ይያዙት። ውሃው ሲወርድ ይልቀቁለት። እማማም እንደዚያው!»

«እሺ ልጄ» አለ።

እኔ የፊቱን ገመድ እንዳለችው ያዝኩ። እሱ የኋላውን ያዘ፣ እጁን አየ፣ ከዚያ ቀለበቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። እጁን አላመነውም፤ ቋጠሮውን አመነ። ደግሞም ላላ ብሎ የሚንጠለጠል ነገር ዕድሜውን ሙሉ አይወድም።

ውሃው መውረድ ጀመረ። ገመዴን ትንሽ በትንሽ እለቃለሁ። ድንገት ድስቱ እየተንሸራተተ መጥቶ ጀርባዬን መታኝ። ቀጥሎ ሽንኩርቱ፣ ጫማዎቹ፣ የሻይ ፔርሙዙ መጡ። ዘወር ስል ባለቤቴ ከራሴ በላይ ነው።

«አንቺዬ፣ ወዴት ነው የምትወርጂው?»

«እኔ ምን ወረድኩ፣ አንተ ነህ እንጂ የተሰቀልከው!»

«ጋሼ፣ ይፍቱት! ኧረ ይፍቱት!» ጠባቂዋ ውሃውን ለማቆም እየሮጠች ነው።

ቋጠሮው በጀልባው ክብደት ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል። ባለቤቴ በአንድ እጁ መሪውን አቅፎ በሌላው መቀሱን መዘዘ። አንዴ ቆረጠ። ደገመ። የጀልባው ኋላ ቧ ብሎ ወደቀና ከእግር እስከ ራስ በሰበስን።

ጠባቂዋ ከላይ አንገቷን አሰገገች። «እማማ፣ ተጎዱ?»

«ደህና ነኝ።»

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ሥራዎ ምንድነው?»

«ልብስ ሰፊ ነበርኩ።»

«እኔም ጀልባውን መስቀያ ላይ ሲሰቅሉት ጠርጥሬ ነበር» አለች።

እሱ አልሳቀም። ከበሩ ወጥተን ዛፎች ሥር ቆምንና ብርድ ልብሶቹን ለፀሐይ ዘረጋ። ጠርዝና ጠርዛቸውን አገጣጥሞ ነው የዘረጋቸው። ሲጨርስ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፤ ገዢ ይፈልግ» አለ።

እኔ የተበተነውን ሽንኩርት ከጀልባው ወለል እለቅም ነበር።

እዚያው ጀልባው ውስጥ አድረን ጠዋት ስነሳ ከጎኔ የለም። ከጀልባው ኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። የተቆረጠውን ገመድ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቆዳ በሚሰፋበት ወፍራም መርፌ ጫፉን ዙሪያውን ይዘመዝማል። ሱቁን ከዘጋ ወዲህ መርፌ ሲይዝ ሳየው የመጀመሪያው ነው። ክሩን ራሱ አስገብቶታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ስፌቱ ግን መስመሩን አልሳተም።

«ሊሸጥ አይደል እንዴ? ምን ትደክማለህ?»

«ጫፉ እየተተረተረ እንዴት ለሰው ይሰጣል?»

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እዚህም ዳክዬዎች መጥተው ዙሪያችንን ይዋኛሉ።

«ጨርቅ ስትቆርጥ የስፌት ትርፍ ትተዋለህ አይደል?»

«ታዲያስ።»

«ለውሃውስ ምነው ሳትተውለት ቀረህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«ምን ያህል ልተውለት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ አይደለህ ሚሊሜትር? ብቻ ይሄ ገመድ አጭር ነው። ረዘም ያለ እንግዛ።»

«አልወደድሽውም እኮ» አለ።

«ያንተን አነዳድ አልወደድኩትም። ዳክዬዎቹ ምን አጠፉ? ሞተሩን አስነሳ።»

በመጀመሪያው ሙከራ አልተነሳም። በሁለተኛው ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተጓዝን። አሸዋ ላይ ተቀርቅረናል፣ ነዳጅ አልቆብን በላም ጠባቂ ተጎትተናል፣ አንድ ጊዜም ቁልፉን ውሃ ውስጥ ጥሎታል። ማንኪያዎቹን ማስተካከል ግን ተወ። ያረፈው በብርድ ወር፣ ቤቱ፣ አልጋው ላይ ነው። መቀሱን ከቀበቶው የፈታሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወንድሜ መሪ ይይዛል፤ እኔ ገመድ እይዛለሁ። በሩ ጋ ስንደርስ የትርፉን ነገር ከሱ የሰማችው ያቺ ጠባቂ ከላይ ሆና፣ «እማማ፣ ትርፉን አይርሱ!» ትለኛለች። «አልረሳም» እላታለሁ። ረጅሙን ገመድ በቀለበቱ አሾልኬ እይዛለሁ፤ ውሃው ሲወርድ ትንሽ በትንሽ እለቃለሁ። አጭሩ ገመድ ተጠቅልሎ ከኋላ ተቀምጧል። ጫፉ እስከ ዛሬ አልተተረተረም።