በራሷ ልክ ዩኒፎርም ያሰፋችው ሴት

ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ሱቄ መጥታ የተማሪ ዩኒፎርም አዘዘችኝ... ለትልቅ ሰው የሚሆን።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ጀጎል ውስጥ፣ ሰፊዎች ተደርድረን በምንሠራበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ሱቅ አለኝ። ትምህርት ሲከፈት ከዩኒፎርም ሌላ የምሰፋው የለም፤ የተማሪ ልክ በዓይኔ አውቃለሁ። ሴትየዋ ግን ተማሪ ይዛ አልመጣችም። ከፌስታል ውስጥ አንድ ቀሚስ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«በዚህ ልክ ስፋልኝ።»

«ልጅቷን ይዘሻት ብትመጪ አይሻልም?»

«አይመቻትም። በዚህ ልክ ይሁን።»

«ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ሰባተኛ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ ሳታነሳ።

ቀሚሱን ዘረጋሁት። ኧረ አቦ... ይሄ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ወገብ ነው? የወለደች ሴት ቀሚስ ነው እንጂ! የጠራችው ትምህርት ቤት ደግሞ ልጄ ቤዛ የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ቤዛም ሰባተኛ ናት።

ልትወጣ ስትል ዞር አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ... ዩኒፎርም ካዩ ያስገባሉ አይደል? ሌላ ነገር አይጠይቁም?»

ክው አልኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። ክረምት ላይ ዩኒፎርም ግዴታ ይሁን አይሁን እያልን ስንከራከር አንዲት እናት «የመንግሥት ትምህርት ቤት አይደል እንዴ? ማሰፋት ያቃተው ልጅ ከበር ሊመለስ ነው?» አለች። እኔ ተነስቼ «ዩኒፎርም ከሌለ ተማሪውንና ከውጭ የሚገባውን በምን እንለያለን?» አልኩ። «አንተማ ሰፊ ነህ፣ ምን ልትል ኖሯል!» ብለው ሳቁብኝ እንጂ ሐሳቤ አለፈ።

አሁን ደግሞ አንዲት የማላውቃት ሴት በዚያው ዩኒፎርም ልትገባ ነው... ያውም እኔ በሰፋሁት! ልጅ ተሰረቀ የሚለውን በየስልኩ የሚዞር ወሬ ታውቁታላችሁ። እሱ ሁሉ መጣብኝ።

ለሚስቴ ስነግራት «ለምን አትጠይቃትም?» አለችኝ። «ሌባ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል?» አልኳት።

አርብ መጥታ ወሰደች። «ለማን ነው ግን?» ስላት «ለቤተሰብ» ብላ ጠቅልላ ያዘችው። ከመውጣቷ በፊት መንገዱን ግራ ቀኝ አየች። ግራ ቀኝ ማየቷን በጭራሽ አልወደድኩትም።

ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ ወደ ጋሽ ከበደ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ዩኒፎርም ለብሳ ልትገባ ትችላለች። ይጠንቀቁ።»

«ትምጣ ብቻ!» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት በር ላይ ቆምኩ። መጣች። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ እኔ የሰፋሁት ረጅም ጉርድ፣ ነጭ ሻሽ... ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ በልጆቹ መሃል ትሄዳለች።

«አንቺ! ቁሚ!» ጋሽ ከበደ መንገዱን ዘጉባት።

ልጆቹ ከበቧት። አንዱ «ማሚ!» ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም ሳቁ። አንዱ ስልክ አውጥቶ ይቀርፃል። እኔም ተሻግሬ ደረስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮራ ብያለሁ።

«ጋሼ፣ እቺው ናት!»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ።

ጫጫታውን ሰምታ ርዕሰ መምህሯ ወጣች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? አሚና እኮ ተማሪያችን ናት! እኔ ራሴ ነኝ የመዘገብኳት።»

ለካ አሚና ስድስተኛን እንደጨረሰች ተድራ ትምህርት ያቋረጠች፣ ሁለት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። የማታ እንዳትማር፣ አማቷ ታመው ማታ ማታ የምታስታምማቸው እሷ ናት። ለምና ለምና በቀኑ ተመዘገበች። የተጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው... እንደ ማንኛውም ተማሪ ዩኒፎርም ለብሳ እንድትመጣ።

«ግቢ አሚና፣ ትምህርት ተጀምሯል» አለቻት ርዕሰ መምህሯ። አሚና ግን አልገባችም። ዞራ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ በኩል መራመድ ጀመረች።

ሮጬ ደረስኩባት።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጄ እዚያ ስለምትማር ፈርቼ ነው። ለራሴ ነው ብትይኝ ምን ነበረበት?»

ቆመች። አላለቀሰችም።

«ብነግርህ ትስቅብኝ ነበር። የዛሬ ሳምንት ያለ ዩኒፎርም ስመጣ ጥበቃው ‹የማን እናት ነሽ? ወላጅ አሁን አይገባም› ብለው መለሱኝ። ዛሬ በዩኒፎርም ስመጣ ሌባ ሆንኩ። ወላሂ አንተው ንገረኝ... ምን ለብሼ ልምጣ?»

ስብሰባ ላይ አፌ እንደዚያ የሚፈታው ሰውዬ፣ መንገድ መሃል ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

«ነገ በሩ ላይ ቆሜ እኔ ራሴ አስገባሻለሁ» አልኳት በመጨረሻ።

«አንተማ ከበሩ ራቅልኝ!» አለችኝ። ፈገግ ያለች መሰለኝ... ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ይሆናል። ትመጣ እንደሆነ ግን ሳትነግረኝ ሄደች።

ተመልሼ ለጋሽ ከበደ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት አዋረድከኝ» ብለው ተቆጡኝ። ልክ ናቸው። ያን ቀን ሥራ አልሆነልኝም፤ አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ መልሼ ፈታሁት።

ማክሰኞ እንዳለችኝ ከበሩ ራቅኩ። ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ልጠይቃት ፈልጌ ፈራሁ። ቦርሳዋን ወርውራ ራሷ ጀመረች።

«አባዬ፣ ክፍላችን አዲስ ልጅ መጣች። ከኔ ጎን ነው የተቀመጠችው።»

«እሺ... ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

ትንሽ አሰበችና «ዝምተኛ ናት። ሒሳብ ግን ትችላለች» አለችኝ።

ስለ ዕድሜዋ አንድም ቃል አላነሳችም። እኔም አልጠየቅኳት... ለዘንድሮ የጠረጠርኩት ይበቃኛል።