ጋሽ ጉልላት ያልሰሙት ጩኸት

ጋሽ ጉልላት ዕድሜያቸውን የገፉት መሪ ይዘው ነው። በጎረምሳነታቸው ከጎጃም ወደ ሀዋሳ ወርደው መጀመሪያ የጭነት መኪና ረዳት፣ ኋላ ሾፌር፣ በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ነጂ ሆኑ። ጡረታ እስኪወጡም ድረስ መምህራኑን ጠዋት ሲያደርሱ ማታ ሲመልሱ ኖሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስማቸው የሚነሳው በፍጥነት አልነበረም፤ በጆሯቸው ነበር። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው እየተንጫጫ እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጉና «የኋላው ግራ እግር ኩሽኔታው ተበልቷል» ይላሉ። ጋራዥ ገብቶ ሲፈታ እውነትም ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት ተበልቶ ይገኛል። ወጣት ሾፌሮች አዲስ ድምፅ በሰሙ ቁጥር «ጋሽ ጉልላት ይስሙትና ይፈረድ» ይባባሉ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ መምህር ላይ አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ገዙ። ነጭ ነች ለማለት ያህል ነው እንጂ ከገብስ ቆሎ ጋር ብትቀመጥ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። በሚኖሩበት ታቦር ሰፈር ግን ይችን መኪና የማያውቃት የለም። ምጥ የያዛት በእሷ ሄዳለች፣ ሙሽራ በእሷ ተሸኝቷል፣ የለቅሶ ድንኳን በጣሪያዋ ተጭኗል። ጋሽ ጉልላት እንቢ ማለት አያውቁበትም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ይቺ መኪና የእኛ ናት ወይስ የቀበሌው?» እያሉ በሲንገር የስፌት መኪናቸው ላይ እንዳጎነበሱ ያጉረመርማሉ። ግን የጎረቤት ልጅ ሲታመም ቁልፉን ፈልገው የሚያቀብሉት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ጋሽ ጉልላት ቁልፉን ቢያዞሩት መኪናዋ ቀጭ ቀጭ አለችና ዝም አለች። ታቦር ቁልቁለት ስላለው ለደካማ ባትሪ የተፈጠረ ሰፈር ነው። ጎረቤት ወጥቶ ትንሽ ገፋ፣ መኪናዋ ተንደረደረች፣ ማርሽ አስገቡላት፣ ተነሳች። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቹ ሳይጠሩ መጡ።

«ባትሪው ሞቷል» አሉ ጋሽ ጉልላት፤ አዲስ ባትሪም አስገቡ። ለጥቂት ቀን መኪናዋ እንደ ልጅነቷ ሆነች። ከዚያ አዲሱም ወረደ። ተናደው ወደ ባትሪ ሻጩ ተመለሱ። ሻጩ ቻርጅ አድርጎ፣ ለክቶ፣ አሳድሮ «አባባ፣ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ የሚሞላው ነው ያጣ» አላቸው። ጋሽ ጉልላት ይሄን የነጋዴ ብልጠት ነው ብለው ተቀየሙት።

ወይዘሮ አስካለ ደግሞ መኪና ውስጥ በገቡ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋግማሉ።

«ጉሌ፣ ይቺ መኪና ታለቅሳለች።»

«ማን ነው የሚያለቅሰው?»

«መኪናዋ! ከፊት፣ ከሞተሩ። ነዳጅ ስትሰጣት ይብስባታል።»

«ምንም የሚያለቅስ ነገር የለም። የጎማ ድምፅ ነው» ይሉና ነገሩን ይዘጉታል። እውነቱ ግን የጎማውንም ድምፅ አልሰሙትም።

ይሄን ለማንም አልተናገሩም። ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ዓለም ቀስ በቀስ ከእሳቸው እየራቀች ነበር። መጀመሪያ የጠፋባቸው ስልካቸው ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ እየጮኸ አይሰሙትም። ቀጥሎ የአስካለ የልብስ ስፌት መኪና፤ ዓይናቸው እያየ መርፌው ሲወርድና ሲወጣ ድምፁ ግን ከሌላ ቤት እንደሚመጣ ሆነ። እድር ላይ ሰው ሲስቅ አብረው ይስቃሉ፣ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ይነቀንቃሉ። አንዴ በስህተት የሰው ሞት ሲነገር ፈገግ ብለው ነበር፤ ያን ቀን ቤታቸው ገብተው እራት አልበሉም። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ይገዛል፤ በጆሮው ስም ያወጣ ሰው ግን ጆሮዬ ደከመ ብሎ ለማን ይናገራል?

በሚያዝያ የወይዘሮ አስካለ እህት የልጅ ልጅ ክርስትና ነበረና ሁለቱ ወደ ይርጋዓለም ሄዱ። ሲሄዱ ደህና ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ግን ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡም በአንድ ጊዜ ወረደ። ጋሽ ጉልላት የፊት መብራቱን አበሩ፣ የዝናብ መጥረጊያውንም ከፈቱ። በዚህ ጊዜ የመኪናዋ ጉልበት ከድቷት ታየ። ሬዲዮው ተንሾካሾከና ጠፋ። መጥረጊያው መሃል ላይ ደርሶ እንደ ደከመ ሰው ያርፋል፤ ከዚያ ቀሪውን ይጨርሳል። መብራቱ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡና ዓይነት ተለወጠ። መሪው ፊት ለፊት ያለችው የባትሪ ምልክትም ቀይ በራች።

«ጉሌ፣ አሁንስ እየጮኸች ነው!»

«አስኩ፣ እባክሽ ልንዳበት!»

ትንሽ እንደሄዱ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። ጋሽ ጉልላት መኪናዋን በተንደረደረችበት ወደ ዳር አውጥተው አቆሙ። ለእሳቸው ሁሉም ጸጥ አለ፤ ለወይዘሮ አስካለ ግን ዝናቡ ጣሪያውን እንደ ከበሮ ይደልቀው ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ከመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች ሰዎች ወጡ። ወይዘሮ አስካለ የዚያው አገር ልጅ ናቸውና በሲዳሙ አፎ አወሯቸው፤ ሳቅም ጨዋታም መጣ። ጋሽ ጉልላት የሚስታቸው ጣት ወደ ሞተሩ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሞተሩ ሲጠቁም አዩ። ምን እንደተባለ ባያውቁም ደስ አላላቸውም። በመጨረሻ ወደ ሀዋሳ የሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ቆመላቸው። በገመድ አስሮ እየጎተተ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አብዱልሃሚድ ደጃፍ አደረሳቸው።

አብዱልሃሚድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው። ጋሽ ጉልላትን ከሰርቪሱ ዘመን ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ያኔ አብዱልሃሚድ ጢሙ ገና አልበቀለም ነበር፤ አሁን ሽበት ጀምሮታል። ተጎትተው ሲመጡ ሲያያቸው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ጋሼ! እርስዎ በገመድ?»

«ባትሪ ነው አብዱ። የማይረባ ባትሪ ሸጠውልኝ።»

አብዱልሃሚድ አልተከራከረም። ኮፈኑን ከፈተ፣ የባትሪውን ራሶች አጸዳ፣ ከሌላ መኪና በሽቦ አስነሳላቸውና ሽቦውን ነቀለ። የኃይል መለኪያ ቴስተሩን ሁለት ጫፎች ባትሪው ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን አሳያቸው።

«ይዩት ጋሼ። ሞተሩ እየሠራ አሥራ ሁለት ቮልት እንኳ አልሞላም። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ቢሠራ ኖሮ አሥራ አራት አካባቢ ይቆም ነበር። እስቲ መብራት ያብሩልኝ።»

አበሩ። ቁጥሩ እያዩት ቁልቁል ወረደ።

«የባትሪውን አንድ ራስ ንቀልና እንየው እንጂ» አሉ ጋሽ ጉልላት፤ በድሮው ዘዴ፣ ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል ማለት ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ እንዳያደርጉት። ዲናሞው ቢሠራ እንኳ ያኔ ኃይሉ ይዘልና ሌላውን ዕቃ ያቃጥላል። ቴስተሩ ይበቃናል።» ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየው፤ አልላላም። እንደገና አስነሳና ጎንበስ አለ። «ለነገሩ እሷ ራሷ እየተናገረች ነው። ይሰማዎታል አይደል?»

«እንዴታ» አሉ ጋሽ ጉልላት።

«ከየት በኩል ነው ይላሉ?»

ጋሽ ጉልላት እንደ ድሮው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ምንም የለም። ከሩቅ የሚመጣ የውኃ ፏፏቴ ዓይነት ጉምጉምታ ብቻ። ዓይናቸው ከቺንጋ ወደ ቺንጋ ሄደ።

«ከውኃ ፓምፑ» አሉ።

አብዱልሃሚድ ቀና አለ። ዲናሞው በወዲያኛው በኩል እንደ ተረገጠ ድመት ይጮኻል፤ መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አብዱልሃሚድ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጋሽ ጉልላትን አየና ገባው።

ከመሣሪያው መሃል ረጅሙን ካቻቪቴ መዘዘ።

«ጋሼ፣ የኔን ጆሮ አላምንም፤ እርስዎ ይፍረዱልኝ። ነጠላዎን ሰብሰብ ያድርጉት፣ ቺንጋው እንዳይስበው። ጫፉን እዚህ ዲናሞው ላይ እኔ እይዘዋለሁ። እርስዎ እጀታውን ከጆሮዎ ኋላ፣ አጥንቱ ላይ ይደገፉበት።»

ጋሽ ጉልላት ጎንበስ አሉ። እጀታው አጥንታቸውን ሲነካ ዓይናቸው ፈጠጠ። ጩኸቱ የራስ ቅላቸው ውስጥ ገባ፤ ጥርሳቸው ድረስ ደረሰ። ይሄ ብቻ አይደለም፤ ከጩኸቱ ሥር የተበላ ኩሽኔታ ሲንኳኳ፣ ከዚያም በታች ሞተሩ በደህናው ሲዞር ለየብቻ ሰሙት። ለወራት ያልጎበኛቸው ዘመድ ድንገት በር ከፍቶ የገባ መሰላቸው። ቀና ማለት አልፈለጉም።

«ኩሽኔታው ነው» አሉ በመጨረሻ። «የኋለኛው። አልቋል።»

«አልኩዎት እኮ፣ እርስዎ ይፍረዱ ብዬ» አለ አብዱልሃሚድ።

ጋሽ ጉልላት ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አስኩ፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ነበር የምትጮኸው?»

«ከጥምቀት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ። አልሰማህም።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ጉልላት ራሳቸው ናቸው። ሳቁ፣ ሳቃቸውም ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ጆሮዬ ሄዷል፣ አስኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ጎረቤቱ ሁሉ የማታ ዜና የሚሰማው ከእኛ ቴሌቪዥን ነው፤ እንዴት አላውቅም? ራስህ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

አብዱልሃሚድ ሥራ ያዘ። ዲናሞውን አውርዶ ሲፈታው ኩሽኔታው ዝጎ ተንኮታኩቷል፤ ኃይል የሚያስተላልፉት ሁለቱ ካርቦኖችም አልቀው የጥፍር ቁራጭ አክለዋል። ኩሽኔታውንም ካርቦኖቹንም ለወጠ። መልሶ ሲያስርና ሲያስነሳ የቴስተሩ ቁጥር ወደ ላይ ወጥቶ አሥራ አራት ላይ ረጋ። መብራት ቢበራም ንቅንቅ አላለም።

በሳምንቱ ወይዘሮ አስካለ ባላቸውን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በመብራቷ አንዱን ጆሮ አይታ ፈገግ አለች፣ ሌላውን አይታ ሳቋን ያዘች።

«አባባ፣ እዚህ ውስጥ የተጠራቀመው ኩክ ግንብ ያሠራል።»

የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጥታ ቀጠረቻቸው። ሲመለሱ በሞቀ ውኃ አጠበችው። ከቀኝ ጆሯቸው አንድ ነገር ተላቆ ሲወድቅ ዓለም ቧ ብላ ተከፈተች፤ የወረቀት ኮሽታ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚጎተት ነጠላ ጫማ፣ የሰው ሳል። ጋሽ ጉልላት ደንግጠው ወደ በሩ ዞሩ። የግራው ግን ከታጠበም በኋላ ብዙ አልተሻለውም። ሐኪሟ የጆሮውን አቅም ለክታ «ይሄኛው የዕድሜ ነው፤ አይመለስም። ማዳመጫ መሣሪያ ይረዳዎታል» አለቻቸው፤ እሳቸውም ሳይከራከሩ «እሺ ልጄ» አሉ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነዱ። ዓሣ አስጠብሰው ከሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለዓሣው አንጀት ሲሻሙ ክንፋቸው ይንኳኳል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ይጯጯኻሉ፣ ሻጮቹ ይጣራሉ። ጋሽ ጉልላት «ይሄ ቦታ ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻል?» ብለው ፊታቸውን ቋጠሩ፤ ግን ጫጫታው አንድም እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር። ወይዘሮ አስካለ ዓሣውን ወደ ራሳቸው ሳብ እያደረጉ በአፋቸው ውስጥ «ይሄ ሽማግሌ ሲበላ እሾኩንም አይተው» አሉ።

«ሰማሁሽ» አሉ ጋሽ ጉልላት።

ወይዘሮ አስካለ ደንገጥ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ሳህናቸውን አነሱና አግዳሚውን ዞረው በማይሰማው በግራ ጆሯቸው በኩል ተቀመጡ።